«ጋሼ» የምንለው ደንበኛ፣ 11 እርማት እና የደበዘዘው አረንጓዴ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣

የምኖረው ሐዋሳ ነው። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ ግራፊክ ዲዛይን በራሴ ጥረት ተምሬ ላለፉት ሦስት ዓመታት የምተዳደረው በዚሁ ነው። ከአምስት ወር በፊት «ጋሼ» የምላቸው የሰፈራችን ሰው፣ ቡና ቆልተው አሽገው የሚሸጡ፣ ሎጎና የ250 ግራም ማሸጊያ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። በ18,000 ብር በቃል ተስማማን፤ 4,000 ብር ቀብድ በባንክ አስገቡልኝ። ሎጎውን 11 ጊዜ ቀየርኩት። 8ኛው ላይ «ይኼ ነው!» ብለውኝ ነበር፤ ከዚያ ዋሽንግተን ያለው የባለቤታቸው ወንድም አይቶ «ዘመናዊ አይደለም» አለና እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻ 3,000 ማሸጊያ ታተመ። በስልኬ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ የደረቀ ቅጠል መስሎ ወጣ፤ በጎኑ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ግማሹ ባዶ ሣጥን ሆነ። አሁን ጋሼ «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ብለው ቀሪውን 14,000 ብር አልከፍልም ብለዋል። ይባስ ብለው ዋናውን ፋይል አምጪ ይላሉ። ተጋጭቻቸው ሰፈር ውስጥ መኖር ይከብደኛል፣ እናቴም አትለቀኝም። ምን ላድርግ? ቀጣዩን ደንበኛስ እንዴት ልያዝ?

ግራ የገባት፣ ከሐዋሳ

መልስ

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል፦ የህትመቱ ስህተት፣ የእርማቱ ብዛትና ቀሪው ክፍያ። ጋሼ ሁሉንም ጠቅልለው አንቺ ላይ ቢጥሉት አይፈረድባቸውም፤ 3,000 ማሸጊያ ፊታቸው ተከምሯል። አንቺ ግን ካልለየሻቸው ያላጠፋሽውን ትከፍያለሽ፣ ያጠፋሽውን ትክጃለሽ። ከማሸጊያው እንጀምር፤ እዚያ ላይ የማን እጅ እንዳለበት ከታወቀ የገንዘቡ ወሬ ይቀላል።

ባዶ ሣጥን የሚወጣው ኮምፒውተሩ ሆሄውን አውቆት ፎንቱን፣ ማለትም የሆሄውን ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ ሲያጣ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የሆሄ መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ማተሚያ ቤቱ ፋይልሽን ሲከፍት አንቺ የተጠቀምሽበት ፎንት እዚያ ካልተጫነ፣ ፕሮግራሙ በምትኩ የአማርኛ ሆሄ የሌለበትን ፎንት ያመጣል፤ ቁጥሩን ያነባል፣ የሚስለው ቅርጽ ግን የለውም፣ ሣጥን ይተክላል። ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ቢወጣ ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ሆሄውን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ላቲን ይገለጣል። «ግማሹ» ማለትሽም ፍንጭ ነው። ርዕሱን በአንድ ፎንት፣ ዝርዝሩን በሌላ ጽፈሽ የጠፋው አንደኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መከላከያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፋይሉን ከመላክሽ በፊት ቅጂ አውጪ፤ በቅጂው ላይ ጽሑፉን በሙሉ መርጠሽ ወደ ቅርጽ ለውጪው። ከንድፍ ፕሮግራሞቹ ኢለስትሬተር ላይ «ክሪኤት አውትላይንስ»፣ ኮርልድሮው ላይ «ኮንቨርት ቱ ከርቭስ» የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ሥዕል ነውና ፎንት አይፈልግም። በቅጂው ላይ ያልንሽ፣ አንዴ ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ ስለማይታረም ነው፤ ነገ ስልክ ቁጥር ሲቀየር የሚጻፍበት ፋይል ያስፈልግሻል። «ፒዲኤፍ ውስጥ ፎንቱን ካካተትሽ በቂ ነው» የሚሉ ያጋጥሙሻል። ፋይሉ ሳይነካ በቀጥታ ከታተመ ልክ ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ግን ገጽ ለመደርደር ወይም አንድ ነገር ለማረም ፒዲኤፉን በኢለስትሬተር ሊከፍተው ይችላል፤ ያኔ የተካተተው ፎንት አያድንሽም፣ በኮምፒውተሩ ላይ የሌለው ፎንት ይተካል።

ስለዚህ ጽሑፉን ሳትለውጪ ልከሽ ከሆነ የሣጥኑ ጥፋት በአብዛኛው ያንቺ ነው። ይህን ቀድመሽ ማመንሽ የቀረውን ክርክር ያረግብልሻል።

አረንጓዴው ግን ሌላ ነው። ስልክ ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ተደራርቦ፣ አርጂቢ የምንለው። ማተሚያ የሚሠራው ደግሞ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ላይ በሚያርፍ ቀለም ነው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ማለትም ሲኤምዋይኬ። በአርጂቢ አረንጓዴውን 255፣ ሌሎቹን 0 ስታደርጊ የሚወጣው የሚያበራ አረንጓዴ በአራቱ ቀለማት ድብልቅ ከቶ አይገኝም። ፋይሉ በአርጂቢ ከሄደ የማተሚያ ቤቱ ፕሮግራም በራሱ ግምት ወደ ቅርቡ ይለውጠዋል፤ «የደረቀ ቅጠል» ያልሽው ያ ነው። በተለይ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ደማቅ ሰማያዊ በዚህ ይጎዳሉ። ላዩ ላይ የማያብረቀርቅ ማት ሽፋን ካለው ወይም የታተመበት ነገር ቡናማው ክራፍት ወረቀት ከሆነ ቀለሙ የባሰ ይሞታል፤ ክራፍት ላይ ከሥር ነጭ ቀለም ካልተነጠፈ አረንጓዴ ሁሉ ወደ ቡኒ ያደላል።

ቀጣዩን ሥራ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ክፈቺው። ለምሳሌ በመቶኛ ሲያን 85፣ ማጀንታ 10፣ ቢጫ 100፣ ጥቁር 10 በጥሩ ነጭ ወረቀት ላይ ጤናማ አረንጓዴ ይሰጣል። ስክሪንሽ ላይ ካሰብሽው የደበዘዘ መስሎ ይታይሻል፤ ደንበኛውም ማየት ያለበት ይህንኑ የደበዘዘውን ነው። በስልክ የሚያበራ ነገር አሳይተሽ በማሸጊያ የጨለመ ብታስረክቢ፣ የሰው ዓይን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። ቀለሙ ለብራንዱ የግድ ከሆነ ደግሞ ፓንቶን የሚባለው ቀድሞ የተቀመመ ቀለም አለ። ተጨማሪ ፕሌት (ለእያንዳንዱ ቀለም የሚዘጋጅ የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚጠይቅ ወጪውን ደንበኛው ይወስን፤ ሥራው ሁለት ቀለም ብቻ ከሆነ ግን አንዳንዴ ሁለት ፓንቶን ከአራት ቀለም ይረክሳል።

ለመጠኑ ያህል ጥቂት ቁጥሮች አጠገብሽ ይኑሩ። ከሚቆረጠው ጠርዝ ውጭ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ብሊድ (ተቆርጦ የሚወድቅ ትርፍ)፤ 90 በ50 ሚሊሜትር የሆነ ቢዝነስ ካርድ ፋይሉ 96 በ56 ነው ማለት ነው። ጽሑፍ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ይራቅ። ፎቶ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት)፤ ከሩቅ ለሚታይ ባነር በትክክለኛው መጠን 100 ይበቃል። ትንንሽ ጽሑፍ በ100 በመቶ ጥቁር ብቻ ይሁን። ከአራቱም ቀለም የተቀመመ ጥቁር በትንሽ ሆሄ ላይ ፕሌቶቹ በፀጉር ያህል ሲዛነፉ ጥላ ያወጣል። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ትንሽ አማርኛ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የ«ቋ»ና የ«ጬ» ቀዳዳ በቀለም ይደፈናል።

የቡና ከረጢት ከወረቀት የሚለይበትም አለው። ባዶውን ንድፍ፣ እጥፋቱና ስፌቱ የተመለከተበትን፣ ከአምራቹ ሳትቀበዪ አንድ መስመር አትሳዪ። ከላይ በሙቀት የሚዘጋው ጠርዝ ላይ ጽሑፍ አይቀመጥም። የአየር መውጫ ክዳኑ የት እንደሚበሳ ጠይቂ፤ ሎጎው መሀል የተበሳ ከረጢት ያየ ያውቀዋል። የጎን እጥፋቱ ላይ ያረፈ ጽሑፍ ቡናው ሲሞላ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያንቺው የጎን ጽሑፍ እንኳ ሣጥን ባይሆን ይነበብ ነበር ወይ ብለሽ አንዱን ማሸጊያ ቡና ሞልተሽ ተመልከቺው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ከ3,000ው በፊት ናሙና ማን አየ? በስልክ የተላከ ፒዲኤፍ ናሙና አይደለም። ናሙና ማለት በራሱ ማተሚያ፣ በዚያው ከረጢት ወይም ለእሱ በሚቀርብ ነገር ላይ የወጣ፣ ደንበኛው «ይታተም» ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኖረበት ነው። ይህ ካልተደረገ ኃላፊነቱ ለሦስት ይከፈላል፤ ሳታጣሪ የላክሽው አንቺ፣ ሣጥን እያየ ያተመው ማተሚያ ቤት፣ ሳያዩ ያሳተሙት ጋሼ። አማርኛ የሚያነብ ሰው ባዶ ሣጥን እያየ 3,000 ጊዜ ማሽን ማዞሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን ለማተሚያ ቤቱ በትሕትና ማንሳት መብታችሁ ነው።

ማሸጊያው ይጣላል ብለሽ አትጨነቂ። የተበላሸው ጎኑ ብቻ ከሆነ ስቲከር ያድነዋል። ስቲከሩ ከተበላሸው ቦታ በየአቅጣጫው 3 ሚሊሜትር ይብለጥ፤ ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ፣ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላጣል። ተራ ነጭ ስቲከር ከሥሩ ያለውን ጥቁር ሣጥን ያሳልፋል፤ ጀርባው የጠቆረና የማያሳልፍ ዓይነት ጠይቂ። አሥር ከረጢት ላይ ለጥፋችሁ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ጠርዙን በጥፍር ሞክሩት፤ በማት ፕላስቲክ ላይ አንዳንድ ሙጫ አይዝም። አረንጓዴው ይቆይ። ገዢው የስልክሽን አረንጓዴ አላየም።

ወደ 11ዱ እርማት እንምጣ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ኪሳራሽ ይህ ነው። ማሸጊያው ባይበላሽ እንኳ በ18,000 ብር የአምስት ወር ሥራ ሠርተሻል። ሰው 11 ጊዜ የሚያስቀይረው ጥያቄው ሲጀመር ስላልተጠየቀ ነው። ጋሼ «ይኼ ነው» ሲሉ የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው ወይ? የባለቤታቸው ወንድም ገንዘብ ያወጣበት ከሆነ፣ ወይም ቡናውን ዋሽንግተን የሚሸጠው እሱ ከሆነ፣ ዋናው ደንበኛሽ እሱ ነበር፤ አንቺ ግን 8ኛው ላይ ነው የተዋወቅሽው።

ከቀጣዩ ደንበኛ ጋር የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ኮምፒውተር አትክፈቺ። ደብተር ይዘሽ ጠይቂ፦ ይህን ዕቃ ማን ይገዛዋል፣ የት ቆሞ ነው የሚያየው? ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሆነ አጠገቡ የሚቀመጡት ሦስት ማሸጊያዎች የትኞቹ ናቸው? (ሄደሽ ፎቶ አንሺያቸው።) ስንት ይታተማል፣ የት ይታተማል፣ በስንት ቀለም? «ይታተም» ብሎ የሚፈርመው አንድ ሰው ማን ነው? እሱ ሌላ ማንን ሳያማክር አይወስንም? የሚያማክረው ሰው ካለ የመጀመሪያው ንድፍ ሲቀርብ ይገኝ፤ ባሕር ማዶ ከሆነም በስልክ። ከዋሽንግተን ጋር ቀጠሮ ስትይዢ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት እንደምትቀድሚያቸው አትርሺ፤ «3 ሰዓት» ስትዪም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፊ፤ አንቺ ጠዋት ስትዪ እሱ ከሰዓት በኋላ ሊጠብቅሽ ይችላል።

ንድፍ ስታቀርቢ ሁለት አማራጭ ይበቃል። አምስት ካሳየሽ ደንበኛው የአንዱን ፊደል፣ የሌላውን ቀለም፣ የሦስተኛውን ጀበና ገጣጥመሽ እንድታመጪ ይጠይቅሻል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኪ፤ ፎቶ ሆኖ ሲሄድ ተጨምቆ ይደበዝዛል፣ በፋይልነት ላኪው። ከተቻለ ግን በትክክለኛው መጠን አትመሽ፣ የወረቀት ከረጢት ላይ ለጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ አቁሚው። መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ አሳዪ። ቅርጹ ሳይወሰን ቀለም ካሳየሽ ወሬው ሁሉ ስለ ቀለም ይሆናል።

«ዘመናዊ አይደለም» ስትባዪ ወደ ኮምፒውተር አትሮጪ። «የትኛው ክፍሉ ነው ያረጀ የመሰለዎት? ዘመናዊ የሚሉትን ሁለት ማሸጊያ ያሳዩኝ» በዪ። ምናልባት ሰውየው ያልወደደው የፊደሉን ቅጥነት ብቻ ነው። «ሎጎው ይተለቅ» ሲሉሽም እንዲሁ፤ ችግሩ ስሙ ከርቀት አለመነበቡ ከሆነ ዙሪያውን ማጽዳት ወይም ንጽጽሩን ማጉላት ከማተለቅ ይሻላል። ደንበኛ ሕመሙን ይንገርሽ፤ መድኃኒቱን አንቺ ምረጪ።

ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ይግባ፤ ዙር ማለት ደግሞ ከአንድ ሰው፣ በአንድ መልእክት፣ ተሰብስቦ የመጣ አስተያየት ነው። ማክሰኞ ስለ ቀለም፣ ረቡዕ ስለ ጀበናው፣ ዓርብ ስለ ፊደሉ የመጣ ሦስት መልእክት ሦስት ዙር ነው ብለሽ ቀድመሽ ከተናገርሽ ሰው ሰብስቦ ይልካል። ከሁለቱ በላይ ለሚመጣው እያንዳንዱ ዙር ከጠቅላላ ዋጋው 10 በመቶ ጠይቂ። ፋይሉንም በቁጥርና በቀን ሰይሚው፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው»፣ «የመጨረሻ 2» ተብሎ ከተሰየመ ፋይል ውስጥ ማተሚያ ቤቱ ማንሳት የሌለበትን ያነሳል።

ይህ ሁሉ እንዴት ለ«ጋሼ» ይነገራል? ይሉኝታው ይገባናል። ልጃቸው የምትሆኚ ሴት «ይፈርሙልኝ» ስትል አላመነችኝም ብለው ይቀየማሉ ብለሽ ፈርተሻል። ቃሉን ለውጪው። «ውል» አትበዪ፤ «የተስማማንበትን እንዳልረሳው ጽፌዋለሁ፣ የዘለልኩት ካለ ያርሙልኝ» ብለሽ አንድ ገጽ አቅርቢ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ያሳደጉሽ እነሱው ናቸው። ገጹ ላይ የሚጻፈው፦ ምን ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይካተት (ፎቶ ማንሳት፣ ጽሑፍ መተርጎም፣ የማተሚያ ወጪ)፣ ስንት ዙር እርማት፣ የሚወስነው ሰው ስም፣ ቀኑ (ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ተለይቶ)፣ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር፣ የሚረከቡት ፋይሎች ዝርዝርና ክፍያው መቼ መቼ እንደሚፈጸም። በወረቀት መፈረም ከከበደ በቴሌግራም «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስም ከምንም ይሻላል። ቴሌግራም ላይ ግን መልእክት ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል፤ ውይይቱን በኮምፒውተሩ ቴሌግራም አውርደሽ አስቀምጪው። የአሁኑንም ዛሬውኑ።

ክፍያው 50 በመቶ ከመጀመርሽ በፊት፣ 30 በመቶ ንድፉ ሲመረጥ፣ 20 በመቶ የመጨረሻው ፋይል ከመውጣቱ በፊት ይሁን። አንቺ የተቀበልሽው 22 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ቃልም ተጠንቀቂ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ተራ ቅድሚያ ክፍያ አይደለም። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ሰጪው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ለአሁኑ ክርክር ይጠቅምሻል፤ 4,000ው በባንክ ስለገባ «አልተስማማንም» ማለት ያስቸግራል። ለወደፊቱ ግን ሥራ ልታቋርጪ የምትችዪበት አጋጣሚ ስላለ «ቅድሚያ ክፍያ» ብለሽ ጻፊ።

ዋናው ፋይልስ? ጋሼ መጠየቃቸው ነውር የለበትም፤ ነገ ሌላ ሰው የ500 ግራሙን ሊሠራላቸው ይችላል። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) በውል ካልተለየ በስተቀር በትእዛዝ የተሠራ ሥራ መብት ወደ አዘዘው ሰው እንዲያደላ ያደርጋል። ስለዚህ «የእኔ ነው፣ አልሰጥም» ብለሽ ጦር አትምዘዢ። አቋምሽ ይህ ይሁን፦ ክፍያው ሲጠናቀቅ የሎጎው ዋና ፋይል ይሰጣቸዋል። የማሸጊያው ዋና ፋይል መሰጠቱ በቀጣይ ውሎችሽ ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ ሥራውን በማሳያ ማኅደርሽ ውስጥ የማስቀመጥ መብትሽም አብሮ። ስትሰጪ ፎንቱን አብረሽ አትላኪ፤ ስሙንና የሚገኝበትን ጻፊ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለንግድ ሥራ ጭምር በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ከዚህ ጣጣ ያድኑሻል። ኖቶው ከቀጭን እስከ ደንዳና ብዙ ውፍረት ስላለው ለማሸጊያ ይመቻል።

ለሎጎው አራት ዓይነት አስረክቢ፦ ሙሉው፣ ምልክቱ ብቻ፣ ባለ አንድ ቀለም ጥቁር፣ ባለ አንድ ቀለም ነጭ፤ እያንዳንዱ በቬክተር (ቢተለቅም በማይደበዝዝ) ፒዲኤፍና መደቡ ግልጽ በሆነ ፒኤንጂ። ከዚያ በአንድ ሁለት ገጽ ዝቅተኛ መጠኑን፣ በዙሪያው ባዶ የሚቀረውን ቦታና የቀለሞቹን ቁጥር በሲኤምዋይኬ፣ በአርጂቢና በሄክስ (ለድረ ገጽ በሚያገለግለው የቀለም ኮድ) ጻፊላቸው። ለትንሽ ድርጅት 40 ገጽ የብራንድ መመሪያ ማንም አያነብም። ሎጎውን ግን ከማስረከብሽ በፊት በክብ ማህተም ልክ፣ በ4 ሴንቲሜትር ውስጥ፣ በአንድ ቀለም ሞክሪው። ማህተም ቀራጩ ቀጭን መስመር ሲያጋጥመው በራሱ ያደነድነዋል፤ ጋሼ ደግሞ ባንክም ጨረታም የሚሄዱት በዚያ ማህተም ነው። በቴሌግራም ክብ ሥዕል ውስጥም ማዕዘኑ ተቆርጦ ምን እንደሚቀር ተመልከቺ።

አማርኛና ላቲን ጎን ለጎን ሲቆሙ በፖይንት (በፊደል መጠን መለኪያው) አታስተካክዪ። የእኛ ሆሄ በአብዛኛው የላቲኑን ትልቅ ፊደል ያህል ቁመት ስላለው፣ በተመሳሳይ ፖይንት ከትንንሾቹ ላቲኖች ጎን ጮሆ ይታያል። የመስመሩን ውፍረት አስተካክዪ፣ ቁመቱን በዓይንሽ። አማርኛን አታጋድሚ፤ ፊደላችን ኢታሊክ የለውም፣ ማጋደም ያጣምመዋል፤ ማጉላት ከፈለግሽ ውፍረት ወይም ቀለም ተጠቀሚ። የመስመር ክፍተት ከፖይንቱ 140 በመቶ ገደማ ይሁን፤ በማሸጊያ ላይም ከ8 ፖይንት አትውረጂ። ስሙንም ከንግድ ፈቃዳቸው ላይ ገልብጪ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» በንባብ አንድ ናቸው፣ በማህተምና በደረሰኝ ላይ ግን ሲለያዩ ጥያቄ ያስነሳሉ።

ቡናው ዋሽንግተን የሚሄድ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ ደንብ የተጣራ ክብደቱ በፊት ገጹ ታችኛው 30 በመቶ ውስጥ በአውንስም በግራምም እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ 250 ግራም 8.8 አውንስ ነው። ባርኮዱ በሙሉ መጠኑ 37 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከ80 በመቶ በታች አታሳንሺው፣ ግራና ቀኙን ባዶ ተዪ፣ በቀይ አታትሚው፤ የሱቅ ማንበቢያ የሚጠቀመው ቀይ ብርሃን ስለሆነ ቀይ መስመር ለእሱ ነጭ ነው። «ሲዳሞ»፣ «ይርጋጨፌ» ወይም «ሐረር» ብሎ በጉልህ ለመጻፍ ካሰቡ ደግሞ ስሞቹን የኢትዮጵያ መንግሥት በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቧቸዋል፤ ስታርባክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ጉዳይ ስምምነት ፈርሟል። የአጠቃቀም ፈቃዱን ጋሼ ወይም አስመጪው ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይጠይቁ፤ የራሳቸውንም ሎጎ እዚያው ያስመዝግቡ፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም።

ወደ ገንዘቡ። ሎጎው ተጠናቆ ሥራ ላይ ውሏል፤ በዚያ ላይ ቅናሽ አታድርጊ። የምትጋሪው የስቲከሩን ወጪ ነው። ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ይስጥ፤ 6,000 ብር ቢል ግማሹን ከቀሪሽ ቀንሰሽ 11,000 ብር ጠይቂ። ማተሚያ ቤቱም ድርሻ ከወሰደ ያንቺ ያንሳል። 3,000ውን ከረጢት እተካለሁ የሚል ቃል ግን ከአፍሽ አይውጣ። ይህን ላኪላቸው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የማሸጊያው ነገር እኔንም አሳስቦኛል። የጎኑ ጽሑፍ የተበላሸው ከእኔ ፋይል ከሆነ ላዩ ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ያለ ክፍያ እነድፋለሁ፣ የማሳተሚያውንም ወጪ እጋራለሁ። አረንጓዴውን በተመለከተ የትኛው ፋይል እንደታተመና ናሙና ማን እንዳየ አብረን ብንጠይቅ ጥሩ ነው። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ማተሚያ ቤቱ ብንገናኝ ይመችዎታል? የሎጎው ቀሪ ክፍያ እንዳለቀ ዋናውን ፋይል በፍላሽ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ሐሙስ ስትሄጂ የላክሽውን ፋይል፣ አንድ የታተመ ማሸጊያና የስቲከሩን ንድፍ በልኩ አትመሽ ያዢ። ስቲከሩን ማሸጊያው ላይ ለጥፈሽ ፊታቸው አስቀምጪው፤ ስለ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ አንሺ።